ሁለት ብሎን

የድሮ ሬዲዮ የጀርባ ክዳን ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የሞቀ አቧራ፣ ያረጀ እንጨት፣ በመሃሉ ደግሞ ስስ የቀለጠ እርሳስ ሽታ። ባለፈው እሁድ፣ ምሳ ከበላን በኋላ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ እያለ አንዱን ከፈትኩ። ካቻቪቴውን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ አፍንጫዬ ቀድሞኝ መርካቶ ገባ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?" ስትለኝ ነው መሳቄን ያወቅኩት።

ክዳኑ አራት የብሎን ቀዳዳ አለው። የታሰረው ግን በሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ አንዱ ከላይ በግራ፣ አንዱ ከታች በቀኝ። ሁለቱ ጠፍተው እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው። በነዚህ ሁለት ብሎኖች የተነሳ ስንት ሰው እንደተሰዳደበ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ስንቴ እንደሳቅኩ ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም።

ዘመኑ ከሚሌኒየሙ በዓል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ በአጎቴ ኮምፒውተር ማመልከቻና የሠርግ ካርድ እየጻፍኩ የምውል ልጅ ነበርኩ። ጣቴ ፈጣን ነው፤ ምላሴ ደግሞ ከጣቴ ይብሳል። የምሠራባት ክፍል ከዱባይ ተራ ብዙም ሳይርቅ በአንድ የገበያ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነበረች። ክፍሏ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍላለች፤ በዚህ በኩል እኔና ኮምፒውተሩ፣ በዚያ በኩል አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ኮምፔርሳቶው ደረት ድረስ ብቻ ስለነበር ቀና ስል መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር አስረው ሲያቀረቅሩ አያቸዋለሁ።

ከታች የወዛደሩ "ዞር በል! ዞር በይ!" አይቋረጥም። ከጎን የልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። ከጋሼ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ያ የእንጨት ሬዲዮ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ያወራል። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል "ለሚመለከተው ሁሉ" እያልኩ እጽፋለሁ።

ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። የጠገኑት ዕቃ ውስጥ ምን እንደቀየሩ፣ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በእርሳስ ስለው፣ ወረቀቱን በክዳኑ የውስጥ ገጽ ይለጥፉታል። "ድሮ ፋብሪካው ራሱ ስዕሉን ውስጡ ለጥፎ ነበር የሚልከው" ይሉኝ ነበር። "የከፈትሽው ነገር ምን እንደሆነ ይነግርሻል። አይደብቅሽም።" ከዚያ ክዳኑን በሁለት ብሎን ብቻ ይዘጉታል። ባለቤቱ "ጋሼ፣ ሁለቱስ?" ካላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እንዳይቸገር።"

ችግሩ፣ ቀጥሎ የሚከፍት ሰው እየጠፋ ነበር። ሕዝቡ ትንሿን የቻይና ሬዲዮ ሲበላሽበት ጥሎ ሌላ መግዛት ለምዷል። የጋሼ ልጆች ሙያውን አልፈለጉትም። ሙሉ ሳምንት አንድ ደንበኛ ሳይመጣ ሲቀር፣ የሠሩትን ሬዲዮ እንደገና ይፈቱና እንደገና ይገጥማሉ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

ወደ ነገሩ ያስገባን አንድ የሠርግ ካርድ ነው። የሙሽራው አባት በፍሎፒ ይዘውልኝ የመጡት ስም ዝርዝር በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሁሉም ነገር ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆነ። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል እንዲህ ነበር፤ አንዱ ቤት የተጻፈው ሌላው ቤት አይነበብም። እኔም መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ ስማስን፣ ያገራችን ልጆች ስለ ኮምፒውተር የሚጨቃጨቁበት አንድ ፎረም ላይ ወደቅኩ።

ጭቅጭቅ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ! አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፉ ይተላለቃሉ። ጠቡ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን ስለሚያንቀሳቅስ፣ ሊኑክስ ስለሚባል ፕሮግራም ነው። በአንድ ወገን "ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ማንም አይቶ ማስተካከል ይችላል" የሚሉ አሉ። በሌላው ወገን "ነፃ ነገር ባለቤት የለውም፣ ሲበላሽ ማንን ትጠራለህ?" የሚሉ። ከሁሉም ተሳዳቢው ራሱን "ዶክተር" ብሎ የሰየመ አንድ ሰው ነበር። ስለ ሳጥኖቹ ገና ስም ሳላወጣ በእንግድነት የጠየቅኩትን ጥያቄ ሳይመልስልኝ፣ "ክፍት ነገር የሚፈልግ በር የሌለው ቤት ውስጥ ይደር" ብሎ ጻፈ። ለእኔ መሆኑ ነው! ደሜ ፈላ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ከኮምፔርሳቶው በላይ የጋሼ ራስ ብቅ አለ።

"እስቲ ድገሚው" አሉኝ።

ደገምኩት። መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አኖሩ።

"ጻፊለት" አሉኝ። "ይሄ እኔ ቤት ያለውን ሬዲዮ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። የሚጠራ ባለቤት የለውም። ሬዲዮው ግን ዛሬ ጠዋት ዜና ነግሮኛል። ለምን? ስዕሉ ክዳኑ ውስጥ አለ፤ እኔም አለሁ። እኔ ስሞት ደግሞ ሌላው ያየዋል። ያንተ ዕቃ ባለቤቱ የሞተ ዕለት ምን ይውጥህ ይሆን?"

እንደተናገሩት ጻፍኩት። ፎረሙ ስም ምረጪ ሲለኝ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈና "ሁለት ብሎን" አልኩ።

በማግስቱ መስመሩን ከፍቼ ሳየው እጄን በአፌ ጫንኩ። ከጅማ የጻፈ አለ፣ ከባሕር ዳር የጻፈ አለ። "ወንድም ሁለት ብሎን፣ ዛሬ ነው የክፍት ሶፍትዌር ነገር የገባኝ" የሚል አለ። "ወንድም" መባላችን አሳቀኝ፤ ከመሃላችን እኔ ሴት፣ እሳቸው ሽማግሌ። ጋሼ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉና "ሁሉም አነበቡት?" አሉኝ።

"ሁሉም፣ ጋሼ።"

"እስቲ ድገሚው" አሉኝ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዝን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን ነቅዬ ኮምፒውተሩ ላይ እሰካለሁ፤ መስመሩ ጭርርር፣ ቂጢጢጥ፣ ሽሽሽ ይላል። ጋሼ ያን ድምፅ ሲሰሙ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ "ጣቢያ እየፈለገ ነው" ይላሉ። ገጾቹን አውርጄ ቶሎ እዘጋለሁ። ቀኑን ሙሉ እያነበብኩላቸው እንከራከርበታለን፤ አሥር ሰዓት ላይ መልሱን እልካለሁ። እሳቸው ሐሳቡን ይሰጣሉ፤ ስድቡን እኔ እጨምራለሁ። እሳቸው "እባክህ ልጄ" ያሉትን እኔ "አንተ ነፈዝ" አደርገዋለሁ። ከዘመናት በኋላ ብናዘዝ ምን አለበት!

ሦስተኛው ሰው ከፊት ለፊታችን ነበር፤ ባለ ሲዲው። ወሎዬ ነው፣ ጥርሱ የማይከደን፣ ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በተገለበጠ ሲዲ የተሞላ። የማይገለብጠው ነገር የለም። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ እሱ ከሱቁ ሆኖ ይመልሳል።

"አንቺ! ሰው የሚፈልገው የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ ማየት ነው። ሆድ ዕቃውን ከፍቶ ማን ያነባል? ዊንዶውሱን አስገብቼ ልልቀቅሽ!"

"የሰው ንብረት እየገለበጥክ ደግሞ ታወራለህ?"

"ሊኑክሱን የገለበጥኩልሽስ እኔ አይደለሁ? ወላሂ፣ በሕይወቴ በሕግ የተፈቀደ ነገር ስገለብጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር!"

ጋሼ እንኳ ሳይቀሩ ይስቃሉ። እውነቱን ነው፤ ሊኑክሱን ያገኘልን እሱ ነው። እኔ ያንን ሊኑክስ ጭኜ ፕሪንተሩን ማናገር አቅቶኝ አራት ቀን ስታገል፣ በየጠዋቱ ብቅ እያለ "እንዴት አደረ? ትኩሳቱ ለቀቀው?" ይለኝ ነበር። ጠላቴ ነበር፤ አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ሲውል ግን ቀኑ አልመሽ ይለኛል።

አሁን ስህተቱን ስሙ። ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁና በማግስቱ ስመጣ ጋሼ ቅር ብሏቸው ጠበቁኝ።

"አንቺ ብትቀሪ ይሄ ነገር ተቆልፎ ሊቀር ነው? እንዲህ ያለ ሥራ አለ?"

"ጋሼ፣ ፓስወርድ እኮ የሚስጥር ነገር ነው።"

"ክፍት ይሁን ክፍት ይሁን እያልን ስንጮህ ከርመን!"

ፓስወርዱን በወረቀት አስጻፉኝና፣ የሬዲዮውን ክዳን ፈትተው፣ ከስዕሉ በታች በሙጫ ለጠፉት። ሁለት ብሎን አሰሩና እፎይ አሉ። የባለ ሲዲው ወንበር ደግሞ ልክ ከበራችን ትይዩ ነው፤ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት መስመሩን ስከፍት ጉድ ፈላ። "ሁለት ብሎን" እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ወንድሞቼ፣ ትናንት ማታ ሳስብ አደርኩ። እስከ ዛሬ ያልኩትን ሁሉ ትቻለሁ። ዊንዶውስ ይሻላል። ሊኑክስ የጫነች አንዲት ጎረቤቴ ፕሪንተሯን በልመና ነው የምታሠራው።" ከሥሩ የደስታ መልእክት ተደርድሯል። ዶክተሩ "እንኳን ወደ ቤትህ በሰላም መጣህ" ብሏል።

እኔ እሳት ለበስኩ። "ይህን የጻፈው ሌባ ነው! ሁለት ብሎን እኔ ነኝ!" ብዬ ላክሁ። ከሰዓት ሲታይ ደግሞ መልስ አለ፤ በዚያው በራሳችን ስም። "ሌባ ራስህ፤ ሁለት ብሎን እኔ ነኝ!" እንዲህ እያልን ሦስት ቀን አንድ ስም ራሱን በራሱ ሰደበ። ፎረሙ በሳቅ አለቀ። "ብሎኑ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል" አሉ። አንዱ ከደሴ "እባካችሁ ዘመድ ካለው ጸበል ይውሰዱት" ብሎ ጻፈ።

ሌባውን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ፓስወርዱን አይተው ሊያረጋግጡ ሬዲዮውን አወረዱና ክዳኑን ትክ ብለው ተመለከቱ። ክዳኑ በአራት ብሎን ታስሯል! በአራቱም፣ ጥብቅ ተደርጎ።

"ይሄን ያጠበቀ የኔ ሰው አይደለም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቀና ብዬ ወደ ፊት ለፊት አየሁ። ባለ ሲዲው የሲዲ ክምር ውስጥ ራሱን ቀብሮ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። በጫማዬ ልፈነክተው ስነሳ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ወጣ።

"ጋሼ፣ ወላሂ ይቅር ይበሉኝ! ለምሳ ስትወጡ ከፍቼ አየሁት፤ አንድ ቀን ብቻ ላበሽቃት ብዬ ነው። ብሎኑን ግን ለክፋት አይደለም። ሁለቱ ጠፍተውብዎት መስሎኝ፣ አዝኜ፣ ከብሎን ጣሳዎ ውስጥ ፈልጌ ነው የጨመርኩልዎት!"

ጋሼ ሊቆጡ አስበው ነበር። አልቻሉም። ሳቃቸው እስከ ሳል አደረሳቸው፤ እኔ ውሃ አቀበልኳቸው፣ እሱ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው። ከዚያ ጋሼ ትርፎቹን ሁለት ብሎኖች ፈትተው ወደ ጣሳው መለሷቸው።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ የፎረሙ አስተናባሪ ጻፈልን። ደንቡ አንድ ስም ለአንድ ሰው ነው ይላል። ሁለት ብሎን ከአንድ ሰው በላይ እንደሆነ ግልጽ ሆኗል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አባላት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ይገናኛሉ፤ ባለቤቱ ነኝ የሚል አንድ ሰው ቀርቦ ካላስረዳ፣ ስሙም፣ በስሙ የተጻፈው ሁሉም ይጠፋል።

አንብቤ ስጨርስ ጋሼ መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀሉት። በሥራ ሰዓት ሲነቅሉት አይቼ አላውቅም።

"ሁሉም ይጠፋል?" አሉኝ። "ስለ ትራንስፎርመሩ ለጅማው ልጅ ያስረዳሁትም?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባላውቅም፣ "እኔ ደግሞ ስዕሌን የምለጥፍበት ክዳን አገኘሁ ብዬ ነበር" አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለእኔ ጨዋታ ነበር። ለእሳቸው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በየሰው ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የለጠፉትን የሚያነብ ጠፍቶ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው አንባቢ ያገኙት። ባለ ሲዲውም ገብቶታል። ያን ዕለት ሱቁን ሲዘጋ ደህና እደሩ አላለንም።

"እኔ ሄጄ ሁለት ብሎን እኔ ነኝ እላለሁ" አልኳቸው በማግስቱ። "ማን ያውቃል?"

"ውሸት ነዋ" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሱፍ ለብሰው መጡ። ሱፍ! ክራቫታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አወረዱና ሊሸከሙት ጎንበስ ሲሉ ባለ ሲዲው ሱቁን ዘግቶ ከፊታቸው ቆመ።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የምሸከመው እኔ ነኝ" አለ።

ያቺን መንገድ አልረሳትም። ዝናብ ዘንቦ ማለፉ ነበር፤ መሬቱ ያበራል፣ የበሰበሰ ጎመንና የበርበሬ ሽታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ባለ ሲዲው ሬዲዮውን ትከሻው ላይ አድርጎ እንደ ወዛደር "ዞር በል! ዕቃ ነው! ዞር በል!" እያለ ከፊት፣ ጋሼ በሱፋቸው መሃል፣ እኔ ከኋላ የክዳኑን ብሎን እያየሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "የት ነው ሠርጉ?" ብላ ጮኸች። "ፍርድ ቤት ነው!" አላት፣ ሳይዞር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመው ተቀምጠዋል። አስተናባሪው በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ የሂሳብ መምህር ነው። ያ ስንት ስድብ ያወረደብኝ ዶክተር ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ! የፎረም ስሙን ሲናገር እኔ "አንተ ነህ?" ብዬ ጮኽኩ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ሁለት ብሎን የትኛችሁ ናችሁ?" አለ አስተናባሪው፣ ሦስታችንን ተራ በተራ እያየ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ማታውን ስለማመደው ያደርኩት ነገር ነው። ባለ ሲዲው ከኋላዬ "እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው" አለ። ጋሼ ሁለታችንንም በእጃቸው ገለል አድርገው ወደ ፊት ወጡ።

"እነሱን ተዋቸው፣ ልጄ። ውሸት ልናስተምራችሁ አልመጣንም። ሦስት ነን። አሳቡን እኔ ነኝ የምናገረው፤ በኮምፒውተር መጻፍ አልችልበትም። የምትጽፈው እሷ ነች። ስድቡም የእሷ ነው።" ሳቅ ሆነ። "ይሄኛው ደግሞ የማያምንብን ነው። እሱ ባይቃወመን ግን የምንናገረውን ግማሹን አናስበውም ነበር።"

"ታዲያ ፓስወርዱን እንዴት አገኘው?" አለ ዶክተሩ።

"ለጥፌው ነበር" አሉ ጋሼ።

"የት?"

ጋሼ ካቻቪቴያቸውን ከሱፋቸው ኪስ አወጡ። ሁለቷን ብሎን ፈትተው ክዳኑን ወደ ሰዎቹ አዞሩት። ያ ሽታ ሻይ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ተነስተው ከበቡ። ከላይ የፋብሪካው ስዕል፣ ቢጫ ሆኖ፣ ጠርዙ ተበልቶ። ከሥሩ ከጋሼ በፊት የነበረ የማያውቁት ጠጋኝ የጻፈው ማስታወሻ። ከሥሩ የጋሼ፣ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ እርሳስ። ከሁሉም በታች የእኔ ጽሑፍ፣ ፓስወርዱ።

ጋሼ በጣታቸው እየነኩ አስረዷቸው። "ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሞቶም ይሆናል። እዚህች ጋ ግን 'ይህን ስትነካ ተጠንቀቅ' ብሎኛል። እኔም ተጠነቀቅኩ። እናንተ ኮምፒውተር ላይ የምትጣሉበት ነገር ይሄው አይደለም እንዴ?"

ዶክተሩ አንገቱን ክዳኑ ውስጥ ከትቶ ሊወጣ አልቻለም። አስተናባሪው አንዷን እስክሪብቶ አውጥቶ መልሶ ሰካት።

"ደንቡ ግን አንድ ስም ለአንድ ሰው ነው" አለ፣ እንደማይፈልገው እያስታወቀበት።

"ደንቡን ማን ጻፈው?" አሉ ጋሼ።

"እኔ።"

"ታዲያ ክፈተዋ!"

ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አስተናጋጇ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ አብራ አጨበጨበች። እዚያው ተቀምጠን ተስማማን፤ ስሙ እንዳለ ይቆያል፣ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ ላይ ማን እንደተናገረ ይጻፋል። እኛም ስማችንን አልጻፍንም። "ባለ ሬዲዮው"፣ "ባለ ሲዲው"፣ "ጸሐፊዋ"። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ሰው በነዚህ ስሞች ነው የምንታወቀው፤ ለእናንተም በዚሁ ልጥራቸው። ልንነሳ ስንል ዶክተሩ "ክዳኑን እኔ ልግጠመው?" ብሎ ለመነ። ጋሼ ካቻቪቴውን ሰጡት። ሁለት ብሎን አሰረና ቀና ብሎ አያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶክተሩና ጓደኞቹ ኮምፔርሳቶው እስኪወዛወዝ ክፍላችንን ይሞሉታል፤ ጋሼ ብየዳ ያስተምራሉ፣ ባለ ሲዲው ከማዶ ያንጓጥጣል፣ እኔ ሁሉንም እሰድባለሁ። ያን ፕሪንተርም ዶክተሩ በአሥር ደቂቃ አስተካክሎ አሳፈረኝ።

ሥራ ያገኘሁትም በፎረሙ ነው። አንድ አባል "ጸሐፊዋ ኮምፒውተር በሚያስተምረው ቢሯችን ትሥራልን" ብሎ ጻፈ። ጋሼ ከእኔ በላይ ፈነደቁ። ስሰናበታቸው "ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ከዚያም ሆኜ እጽፋለሁ" አልኳቸው። መጣሁ፤ አራት ቅዳሜ፣ አምስት ቅዳሜ። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ የማታ ትምህርት፣ ከዚያ ትዳር። ፎረሙንም መክፈት ተውኩ። ሰው ሁሉ ፎቶ ወደሚለጠፍበት አዲስ የኢንተርኔት ሠፈር ሲነጉድ እኔም ነጎድኩ። የጋሼን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ለቅሶ ደርሼ፣ ከባለ ሲዲው ጎን ተቀምጬ ዋልኩ።

ሬዲዮውን ያመጣልኝ እሱ ነው፣ ባለፈው ዓርብ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ አሁን የሞባይል ሽፋን ነው የሚሸጠው። አዳራሹ ሊፈርስ ስለሆነ የጋሼ ልጆች ዕቃውን ሲያወጡ "ይሄ የጸሐፊዋ ነው" ብሎ ወስዶታል። ሻይ እየጠጣን ነገረኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ፎረሙ እስኪዘጋ ድረስ ለጋሼ የጻፈላቸው እሱ ነበር።

"አንተ? በራስህ ላይ?"

"በራሴ ላይ! ወላሂ፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩባቸውም። በኋላ ተራዬን ጠብቄ በስሜ እመልሳለሁ። ስድቡ ብቻ ነው የጎደለው፤ አንቺን ማን ይተካል?" ሳቀና ሻዩን አማሰለ። "አንድ ነገር ግን እስቅባቸው ነበር። ፓስወርዱ በተቀየረ ቁጥር በወረቀት አስጽፈውኝ ክዳኑ ላይ ይለጥፋሉ። እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሳቸው ኮምፒውተሩን አይነኩትም። 'ጋሼ፣ ለማን ነው የሚለጥፉት?' ስላቸው አይመልሱልኝም።"

እሁድ የከፈትኩት ለዚህ ነው። ልጄ ከጎኔ ቆማለች። የፋብሪካው ስዕል አለ፣ የማይታወቀው ሰውዬ ማስታወሻ አለ፣ የእኔ የመጀመሪያ ወረቀት አለ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ፤ ዘጠኝ ፓስወርድ በባለ ሲዲው እጅ ተጽፎ፣ ስምንቱ ተሰርዞ። ከመጨረሻው በታች የጋሼ የራሳቸው የእርሳስ ጽሑፍ ነበር፦

"ጸሐፊዋ ስትመጣ እንዳትቸገር።"

አለቀስኩ። ልጄ ደንግጣ "ምን ይላል?" አለችኝ። አነበብኩላት። "ታዲያ ግቢና ጻፊላቸዋ" አለችኝ። ፎረሙ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፤ ያ ፓስወርድ የሚከፍተው ነገር የለም። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እስክሪብቶ አምጪልኝ አልኳትና ከጋሼ ጽሑፍ ሥር ጻፍኩ፦ "ጋሼ፣ መጥቻለሁ። ጸሐፊዋ።"

ከዚያ ካቻቪቴውን ለእሷ ሰጠኋት። ክዳኑን ገጠመች፣ ከላይ በግራ አንድ፣ ከታች በቀኝ አንድ አጠበቀች፤ ቀና ብላ "ሁለቱስ?" አለችኝ።